በአመድ የተፈተገው ሰንጢ

ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ

የልጄ የደረጀ መርዶ የደረሰኝ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ መኪና ተገልብጦ ሞተ። ከኪሱ የወጣውን ሰንጢ አምጥተው ሰጡኝ። ስለቱ ቶሎ የሚዝግ ብረት ነው። ደረጀ ሽንኩርት በቆረጠበት ቁጥር ወዲያው አድርቆ የኑግ ዘይት ይቀባው ነበር። እንዲህ ሲያደርግ ስለቱ በዓመታት ጠቆረ። «ከዝገት የሚጠብቀው ጥቁረቱ ነው እማዬ፤ እንዳትፈትጊብኝ» ይለኝ ነበር።

ዛሬ የባሌ ወንድም ታደሰ ሳይጠይቀኝ ወስዶ በአመድ ፈትጎ አመጣው። እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል።

«እትዬ፣ ቆሽሾ ነበር፤ አጸዳሁልሽ» አለኝ።

«የልጄን የእጅ ሥራ ነው ያጠፋኸው» አልሁት።

«ለአንድ ሰንጢ ይኸ ሁሉ?» ብሎ ሳቀ።

«ከቤቴ ውጣ» አልሁት። ወጣ። ተመልሶ ባይመጣ ደስ ይለኛል። ሬሳውን ተሸክሞ ያመጣልኝ እሱ መሆኑን አልረሳሁም፤ ቢሆንም ዓይኑን ማየት አልሻም።

የነፍስ አባቴ ቂም ይዘሽ አትጸልዪ ይሉኛል። ዛሬ ቂም ይዣለሁ፤ ለልጄ ሳልጸልይለት ዋልሁ። ይህን ደብተር የምታነቡ ሁሉ፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው። በእኔ ፈንታ ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩለት።