ብስኩትና ወይን ለድሬዳዋ

ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፲፭፣ ሐረር

ብርድ ነው። ጾም ሳይገባ የብርቱካን ልጣጭ ያለበትን ብስኩት ጋግሬ ፈረስ መጋላ ወሰድኩ፣ ሙሴ ያኒ ሱቅ። ግሪኩ ዘንድሮም ያው ነው... ለገና ጠርሙስና ብስኩት በአንድ ሣጥን አድርጎ ይሸጣል። «ለየጣፋጩ የሚስማማውን ወይን አንቺ ምረጪ ማዳም፣ የኔ ምላስ በትንባሆ ሞቷል» አለኝ። መጋገሩን ሚሲዮን ቤት እማሆዮቹ አስተማሩኝ። ወይን መምረጡን ማንም አላስተማረኝም። እየቀመስኩ ለመድኩት።

አባይነህ ድሬዳዋ ነው፣ ጉምሩክ። ባሌ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም።

ኅዳር ፲፰

ጾም ገባ። ቅቤና እንቁላል ያለበትን አልቀምስም። ወይኑን ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እችላለሁ። ጎረቤቴ ዐይሻ ደግሞ፣ ሐላዋ ሠሪዋ፣ ቅቤውን ትበላለች፣ ወይኑን አትነካም። ስለዚህ ሁለት ሆነን እንቀምሳለን።

የብርቱካኑን ነከሰች። ዓይኗን ጨፈነች።

«መጀመሪያ ይጣፍጣል። ኋላ ጫፉ ላይ ትንሽ ይመራል።»

«እንግዲያው ደረቁ ነጭ አይሆነውም። መራራውን ያብሰዋል። ጣፋጩ የግሪክ ወይን፣ ሳሞሱ፣ ይሻላል።»

«አስተግፊሩላህ! እኔን ወይን አስመረጥሽኝ?» ብላ ሳቀች።

ወይኑ ከጣፋጩ ያነሰ ከጣፈጠ አፍ ውስጥ ይኮመጥጣል። ሌላ ጥበብ የለውም። የዐይሻ ሐላዋ ግን ከሁሉም ጋር እምቢ አለ። ከውኃ ጋር ይበላ።

ታኅሣሥ ፬

ሙሴ ያኒ ከድሬዳዋ የመጣ ደብዳቤ ሰጠኝ። አማርኛ ማንበብ አይችልም። የብስኩት ትእዛዝ ነው ብለውታል። እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ከፈትኩት። ቃል በቃል ልገልብጠው።

«ለእህታችን ለወይዘሮ ለተማርያም። እንደምን ሰንብተዋል? ጽጌሬዳ እባላለሁ። የወንድምዎ የአባይነህ ባለቤት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። ክርስትናው ጥር ስድስት ነው። ሐረር ያለች እህቱ የምትጋግረውን ብስኩት ሁልጊዜ ያነሣል፣ ከየትኛው ወይን ጋር እንደሚበላ ሳይቀር። እሱ ሳይሰማ ሠርተው ይዘውልን ቢመጡ... ድንገት ሲያይዎት እንዲደሰት።»

«ምን ይላል?» አለኝ ሙሴ ያኒ።

«ብስኩት ይላል።»

«ስንት ሣጥን?»

«አራት ይበቃል።»

ቤት ገባሁ። ዱቄት ነፋሁ። ነፍቼ ስጨርስ ለምን እንደነፋሁ ጠፋኝ።

ታኅሣሥ ፭

ምንም የለም። አላለቀስኩም። እህቱ... ምን ብሎ አሰበው? አፉ ሲናገረው አልከበደውም?

ታኅሣሥ ፯

ደብዳቤውን ለዐይሻ አነበብኩላት። ድስቷን ከእሳት አወረደች።

«ትሠሪዋለሽ?»

«እሠራለሁ።»

«ወላሂ፣ እኔ ብሆን ስኳሩን በጨው እለውጠው ነበር።»

«ልጅቷ ምን አደረገች?»

የሰሊጡን ብስኩት አነሣች። «አምጪ በይ፣ ይህስ ከምን ጋር ነው?» ማሩና ሰሊጡ ከቀይ ወይን ጋር አይሆንም። ወይኑ እንደ ዝገት ይላል። የተጠበሰ ሽታ ያለው የጣልያን ወይን፣ ማርሳላ፣ ይዞት ሄደ። ጻፍኩት።

ታኅሣሥ ፲፰

አባይነህ መጣ። ሦስት ቀን ሊቆይ። እግሩን አጠብኩ። ሹሮ በላ። «ጾሙ ከሰውነት አወጣሽ» አለኝ። እንዲህ ይላል ሁልጊዜ። ፊቱን አየሁት። ያው ፊት ነው። ሌላ ሰው የሚሆን መስሎኝ ነበር።

«ለጥምቀት አልመጣም መሰለኝ፣ ሥራ በዝቷል።»

«ይሁን።»

«ይሁን ብቻ?»

«ምን ልበል?»

ተነሥቶ ጋቢውን ለበሰ። ልጠይቀው አፌ አልተከፈተም። ፈርቼ ነው? አይደለም። ፍርሃት እንኳ ቢሆን የሚሰማኝ ነገር ይኖር ነበር።

ታኅሣሥ ፳፱

ገና። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ተመለስኩ።

ጥር ፭፣ ድሬዳዋ

ትናንት ከነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ወጣሁ፣ ሐሮማያ አደርን፣ ዛሬ ገባን። ሙቀት። ብስኩቱ አልተሰበረም። ጠርሙሶቹን ገለባ ውስጥ ነበር ያደረግኋቸው።

በሩን ራሷ ከፈተች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ አራስ ሆና እንኳ ቀጭን። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

«እህትዬ! እርስዎ ነዎት? መጡልኝ?»

አሁን ነው የምናገረው አልኩ በልቤ። እየተራመደች፣ እየሳቀች፣ ልጁን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከበደኝ። አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«አባቱን አይመስልም?» አለችኝ።

«ይመስላል።»

«ዘመድ የለኝም፣ እናቴ ዐረፈች። እርስዎ ሲመጡ ጊዜ ቤቱ ቤት መሰለ።» አባይነህ ለሥራ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄዷል፣ እዚያው ያድራል፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ነው የሚገናኙት። ልብሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኔ የሰፋሁት እጀ ጠባብ ነው።

ጥር ፯

ትናንት ሆነ።

እንግዳው አሥራ አምስት ያህል ነው። የባቡር ሰዎች፣ የጉምሩክ ሰዎች። ሳህኖቹን ደረደርኩ። ለጽጌሬዳ አሳየኋት፣ በብርቱካኑ ጀምሪ፣ ሳሞሱን በትንሽ ብርጭቆ፣ የሰሊጡን ኋላ ከማርሳላው ጋር፣ በስኳር የተነሰነሰውን የቅቤውን መጨረሻ፣ ከሻምፓኙ ጋር... አረፋው ቅቤውን ከምላስ ያነሣዋል። እንደ ተማሪ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ያዘችው።

ልጁን አስጠምቀው ገቡ። አባይነህ ኋላ ነበር። ትሪውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«እህትህን አመጣሁልህ!» ብላ ጽጌሬዳ አጨበጨበች። እንግዳው ሁሉ ሳቀ።

እሱ ደጃፉ ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ ሆነ። ወደ እኔ፣ ወደ እሷ፣ ወደ እኔ። ልጨርሰው እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። እሷ ደግሞ ልጇን አቅፋ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች...

«እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ» አልኩት። «ከብርቱካኑ ጀምር።»

አነሣ። ነከሰ። ረጅም ጊዜ አኘከው። አንዱ የጉምሩክ ሰው «እንዴት ያለ እጅ ነው!» አለኝ። አመሰገንኩ። እስኪያልቅ ቀዳሁ፣ አንድም ጠብታ አላፈሰስኩም።

ስወጣ አባይነህ በቅሎዋ ድረስ ተከተለኝ። «ለተማርያም... እሷ ምንም አታውቅም።»

«አውቄያለሁ።»

ጥር ፳፪

የፍቺው ዳኝነት ተቀመጠ። የጋብቻችን ዋስ አቶ ኃይለመስቀል፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አባይነህ፣ እኔ። ልጅ ፈልጌ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ኃይለመስቀል ብቻ፦

«ልጅ ፈልገህ ነው፣ እሺ። እህቴ ናት ያልከውስ ምን ፈልገህ ነው?»

ጋቢውን አስተካከለ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«ይፍቱኝ።»

ሰማንያው ፈረሰ። ቤቱ የአባቴ ነው፣ ለኔ ቀረ። ሲለያዩ ሰው የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር። ወደ ቤት ስመጣ በሸዋ በር ዞሬ እንቁላል ገዛሁ።

ማታ አባይነህ በር ላይ ቆሞ ለመነኝ። «ለጽጌሬዳ አትንገሪያት። ወተቷ ይደርቃል።» እሺ አልኩት። እኔን ምን ቸገረኝ?

ግንቦት ፬

ደብዳቤ መጣ። ከጽጌሬዳ። ልጁ ጥርስ አውጥቷል። የሰሊጡን ብስኩት ብቻዋን ጋግራ ለልደታ ከቀይ ወይን ጋር አቀረበችው፣ ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። «ምን አጠፋሁ እህትዬ? ደግሞስ ለምን ጠፉብኝ? አባይነህን ስጠይቀው ይቆጣል። በእኔ ተቀይመው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

እስከ ዛሬ አልነገራትም። እኔም እሺ ብዬው ነበር።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት።

«አላጠፋሽም። ቀዩን ተይው፣ ከሰሊጥ ጋር ማርሳላ ነው። ከሌለ ከምንም ጋር አታቅርቢው፣ ብቻውን ይጣፍጣል። በአንቺ አልተቀየምኩም። እህቱ አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ሚስቱ ነበርኩ።»

«ነበርኩ» የምትለው ላይ እጄ ቆመ። ብዕሩን አስቀመጥኩ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ፣ ደግሞ ጠብ... ቀለሙ ፈሰሰ። ዐይሻ ድምፄን በግንቡ በኩል ሰምታ እየሮጠች መጣች። ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም።

በሌላ ወረቀት ልገልብጠው አልኳት።

«ይኸው ይነበባል?» አለችኝ።

«ይነበባል።»

እንደረጠበ ላክሁት።