ስለ ቀጠነችው መፍቻ ለወፍጮ ጉዳይ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ታኅሣሥ 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አዝመራው
የወፍጮና የመለዋወጫ ዕቃ ጉዳይ ኃላፊ

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለወንበርዎና ለማኅተምዎ ደኅንነት ዘወትር የምንጸልይ፣ ጸሎት መባሉ ካስከፋዎም አጥብቀን የምንመኝ መሆናችንን በቅድሚያ እገልጻለሁ። እኔ አድማሴ ሰጠኝ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ማዶ ባለው ቀበሌ የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ሞተር አስነሺ ስሆን፣ ደብዳቤዬን በግልጽ የምጽፈው የጽሕፈት ቤትዎ ውለታ በፖስታ ታሽጎ መቅረት የማይገባው ስለሆነ ነው።

በደረሰኝ ማስጠንቀቂያ መሠረት የመንግሥት ንብረት የሆነን የብሎን መፍቻ ውፍረት ሆን ብዬ በመቀነስ ተከስሼአለሁ። መፍቻይቱም ታሽጋ እንድትወሰድ ታዟል። እርሷ ከሄደች ወፍጮው ይቆማል፤ ልደት ደግሞ ደርሷል፣ እንግዳውም በየመንገዱ ነው። ስለዚህ እንዳትወሰድብን እየለመንኩ፣ እግረ መንገዴንም ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ወፍጮ ሊሰጠን በተወሰነ ጊዜ ቤት እንድናሰናዳ የሞተሩ ልክ ከእርስዎ ዘንድ ተጽፎ መጣልን። ሌላ አገር ቢሆን ግንብ ይገነባ ነበር፤ የኛ ሰው ግን ቤት ሥራ ሲሉት መሮውን ይዞ ወደ ገደሉ ነው የሚሄደው። እኛም የተጻፈውን ያህል፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ፣ ቀሚስ እንደሚሰፋ ሰው ለክተን ከአለቱ ፈለፈልን። ሞተሩ ገብቶ ልክክ ሲል እልል ተባለ። ሰውም መግባት እንዳለበት በወረቀቱ ላይ ስላልነበረ ማናችንም አላሰብነውም፤ እርስዎም በምረቃው ዕለት ጥበባችንን አድንቀው አጨብጭበውልናል።

በሞተሩና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ቀጭን ሰው በጎኑ ያስገባል፤ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ብሎኑ ዘንድ ሲደርስ ግን ከጣት በቀር አያስገባም። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋ የሚባለው የጎማ ቀበቶ በላላ ቁጥር ያ ብሎን ተፈትቶ፣ ሞተሩ ተስቦ፣ እንደገና መታሰር አለበት። ስለዚህ ስስ መፍቻ ፈልገን ማመልከቻ አቀረብን፤ ውለታዎም ከዚያ ይጀምራል።

አንደኛ፣ አፉ ለብሎኑ ልክ የሆነ፣ ውፍረቱ ግን እንኳን ክፍተቱ በሩም የማይበቃው መፍቻ ስለላኩልንና ለሰፊው ሕዝብ የሚሰጥ ዕቃ ስስ መሆን እንደማይገባው በጽሑፍ ስላስረዱን ከልብ እናመሰግናለን። የቀበሌው ዘብ በትከሻው ተሸክሞት መዞር ከጀመረ ወዲህ ሌባ ከአካባቢያችን ጠፍቷል።

ሁለተኛ፣ ካድሬ ልከው የቦታ ጥበት የአድኃሪው ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑን ከጠዋት እስከ ማታ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ያለዚያ ትምህርት ቦታውን ያጠበበው አለቱ መስሎን እንቀር ነበር።

ሦስተኛ፣ ግድግዳው እንዲፈለፈል ስለሰጡን ምክር። ከግድግዳው ጀርባ የቀበሌያችን ቤተ ክርስቲያን የጸበል ጉድጓድ አለ። እንደ ምክርዎ ጥቂት መታ መታ ስናደርገው አለቱ ወዛ፤ ቄስ ወልደ ሩፋኤልም ሮጠው መጥተው ሞተሩን ክርስትና ልታነሱት ነወይ ብለው ጠየቁን። መሮአችንን ይዘን ወጣን።

አራተኛውን መቁጠር አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በዚህ ሁሉ ጊዜ ወፍጮው ቆሞ፣ ሴቱ ሁሉ ወደ ድንጋዩ ተመልሶ ነበር። አገሬ የምትባለው ባለቤቴ ስትፈጭ ውላ አንጓዋ አብጦ የገዛ ልጃችንን ከመሬት ማንሣት ሲያቅታት አይቻለሁ። ያን ዕለት እርስዎን ምን እንዳልኩዎ እዚህ አልጽፈውም። እርሷ ግን ከኔ ይልቅ ጨዋ ስለሆነች የዘቡን ትከሻ ተመለከተችና፦

«እህሉን እንዲህ ከፈጨነው ብረቱንስ ምን ከለከለን?» አለች።

መፍቻው ከዘቡ ትከሻ ወርዶ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ተጋደመ። ውኃና አሸዋ እየተጨመረ፣ መጁን እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ፈጩት። ከኩልመስክ ዘመድ ልትጠይቅ የመጣችው ሙሉዬ ሳትቀር ተራ ይዛ ፈጭታለች። አንደኛዋ ሲደክማት ሌላዋ ትቀመጣለች፤ ወንዶቹም ውኃ አመላላሽ ሆንን። በመጨረሻ መፍቻው ቀጥኖ ቀጥኖ የሽንኩርት ቢላዋ አከለ። ሸርተት ብሎ ገባ፣ ብሎኑን ያዘ፣ ብሎኑም ዞረ።

ጓድ ኃላፊ፣ ሞተሩ ሲነሣ እኔ የልጆች አባት በዱቄት መካከል ቆሜ ዘልያለሁ። ቄስ ወልደ ሩፋኤልም በጾም መዝለል አይከለከልም ብለው አብረውኝ ዘለሉ።

የጎደለው ውፍረት ይመለስ ከተባለ አልጠፋም። ብናኙ በድንጋዮቻችን ላይ ስለቀረ በየሽሮአችን ይቀመሳል፤ በቀበሌያችንም ብረት ያነሰው ሰው አይገኝም። የቀረችውን ስስ ብረት ግን ይተዉልን፤ ሌላ ሽልማት አንሻም።

ወንበርዎ ይስፋ፣ ቺንጋዎ አይላላ እያልኩ፣ ከጠባብ ቦታ ሰፊ አክብሮቴን የማቀርብልዎ፣ ውፍረት በመቀነስ የተከሰስኩ ታዛዥዎ

አድማሴ ሰጠኝ

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር
ማንበብ ለሚችል የፍላቂት ገበያተኛ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልጨርስ መፍቻይቱን እንዲያሽጉ የላኳቸው ጓድ ተቆጣጣሪ በደኅና ደርሰዋል። መፍቻይቱን በጨርቅ ጠቅልለው በሰም አተሟት፤ ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ማንም እንዳይነካትም አስፈረሙን። ከዚያም ብሎኑ በእውነት ስስ መፍቻ የሚሻ መሆኑን በዓይናቸው ለማረጋገጥ፣ ተዉ ብንላቸው እምቢ ብለው፣ በሞተሩና በግድግዳው መካከል ገቡ። አሁንም እዚያው ናቸው። እርሳቸውን ለማውጣት ሞተሩ መሳብ አለበት፤ ሞተሩ እንዲሳብ ብሎኑ መፈታት አለበት፤ ስሷ መፍቻ በእግራቸው ሥር ሸርተት ብላ ስለምትገባ ብሎኑን መፍታት አይቸግርም፤ ነገር ግን መፍቻይቱ ታሽጋለች፣ እኛም የፈረምን ሰዎች ነን። ማኅተሙን እንድንሰብርላቸው ራሳቸው እየለመኑን ነው፤ የእርሳቸው ቃል የእርስዎን ፊርማ እንደማይተካ ያስተማሩን ግን እርሳቸው ናቸው። ለጊዜው ቆሎ በረጅም ጭልፋ እናቀብላቸዋለን። ፈቃድዎ ከዘገየ በጾሙ ከስተው በራሳቸው መውጣታቸው አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ በዚህም ውፍረት መቀነስ እንዳልጠየቅ ከወዲሁ አሳስባለሁ።