በገመድ የሚወርደው ባልዲ

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ሥራሽስ? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚነገር ነገር የለኝም። በቃል ሳወራ እንደምታውቂው ወሬዬ ይዘበራረቃል፤ ከአንዱ ተነስቼ ሌላው ውስጥ እገባለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። «እማዬ፣ እኔ ጋ ትመጪያለሽ ወይስ አትመጪም? ቁርጡን ንገሪኝ» ያልሽኝን አልረሳሁትም። እነግርሻለሁ። ግን መጀመሪያ የክረምቱን ወሬ ስሚ፤ አለዚያ መልሱ አይገባሽም።

ነገሩን የጀመርሽው ራስሽ ነሽ። ያ «ከተማችሁን ያለ ብዙ ድካም አረንጓዴ አድርጉ» የሚለውን ቪዲዮ ላክሽልኝ። ሴትዮዋ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ዛፍ ሥር ስታፈስ፣ የድንች ልጣጭ ባልዲ ውስጥ ስታጠራቅም፣ በተቆረጠ ጀሪካን ሰላጣ ስትተክል አይቼ ሳቅሁ። ለዚህም ቪዲዮ ያስፈልገዋል? አልኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ስንትና ስንት ውሃ ወደ ቱቦ እንደለቀቅን እኔ ነኝ የማውቀው። ይሁን እንጂ በማግስቱ አንሶላ አጥቤ ስጨርስ፣ ውሃውን ልድፋ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

በሩ አጠገብ ያለው ዛፍ ግቢው ሲሚንቶ ከለበሰ ወዲህ ደርቆ ጭራሮ መስሎ ነበር። ባልዲዬን ይዤ ሦስቱን ፎቅ ወረድኩ። አፈሰስኩ። ሁለተኛውን ይዤ ስመለስ፣ ምድር ቤት ያሉት ልብስ ሰፊ ከሱቃቸው ወጡ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለገቡ አታውቂያቸውም። ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሕንፃው ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ነው የሚላቸው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

«እትዬ፣ በዚህ ጉልበትዎ ደረጃውን ምን ያመላልስዎታል?» አሉኝ። «ገመድ አስረው ከበረንዳ ያውርዱልኝ፣ እኔ እቀበልዎታለሁ።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«ውሃ አወረዱ ይለናላ!»

እውነታቸውን ነው አልኩና ገመድ ፈለግሁ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ባጠብኩ ቁጥር ባልዲው በገመድ ይወርዳል፣ እሳቸው ይቀበላሉ፣ ዛፉን ያጠጣሉ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው አስተማሪ ባልዲው በመስኮቷ ሲያልፍ «ዛሬም አሳንሰሩ ሥራ ጀመረ!» ትላለች። ባዶው ባልዲ ሲመለስ አንዳንዴ ሎሚ ይኖርበታል። አንድ ቀን ቁልፍ የጎደለውን ሹራቤን ባወርድላቸው ቁልፉ ተተክሎ፣ ክርኑም ተጠግኖ፣ ተጣጥፎ ወጣልኝ። ክርኑን ግን አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ሐምሌ ላይ ያ ትልቁ ዝናብ መጣ። ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው። የሕንፃችን ሊቀመንበር «ጭቃ ቀረልን!» ብሎ ያስለበጠ ጊዜ እኔም ከሰው ጋር አጨብጭቤያለሁ። ጭቃው በእርግጥ ቀረ፤ ውሃው ግን መግቢያ አጣ። ከግቢው ዝቅ ያለው ደግሞ የጋሽ ሜትር ሱቅ ነው። በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ይገባባቸው ነበር፤ የዘንድሮው ግን ደፉን ዘሎ እስከ ስፌት መኪናው መርገጫ ደረሰ። ትምህርት ቤት ሳይከፈት ሊያስረክቡት የቆረጡትና የሰፉት የተማሪ ዩኒፎርም በሙሉ ጭቃ ጠጣ።

ስወርድ መሀል ሱቅ ቆመው አገኘኋቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ በቃኝ፣ እትዬ» አሉኝ። «ወንድሜ አገር ቤት ና እያለኝ ነው። ይህቺን ዩኒፎርም አስረክቤ እሄዳለሁ።»

ምን ብዬ መለስኩ መሰለሽ? «መጀመሪያ ይታጠብ» አልኩ። ሁሉንም ወደ ቤቴ አስወጣሁና በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅሁት፤ አስተማሪዋም መጥታ አገዘችኝ። የእኔ በረንዳ ስላልበቃ በየፎቁ ለመንን፤ በየበረንዳው ሰማያዊ ሱሪ ተሰጥቶ ሕንፃው ትምህርት ቤት መሰለ። ልብሱ ተረፈ። «እሄዳለሁ» ያሉት ነገር ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ምን አገባኝ እላለሁ፣ ድስት ጥጄ እረሳለሁ፤ ተመልሼ ምን አገባኝ እላለሁ። መቼም ጥሩ ጎረቤት ዛሬ ከየት ይገኛል ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ነው ቪዲዮሽን ደግሜ ያየሁት። መጨረሻው ላይ ሰዎች ከግቢያቸው ጠርዝ ንጣፉን አንስተው ሣር ሲተክሉ፣ ውሃውም እዚያው ሲሰርግ ያሳያል። ስልኬን ይዤ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። ታውቂዋለሽ፣ ያ ሲናገር የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ የሚያሽከረክረው።

«እትዬ፣ በስንት ልፋት ያስለበጥኩትን እንደገና ልታስፈርሱኝ ነው?» አለኝ። «መኪናዬንስ ሰማይ ላይ ላቁማት?»

«የጠየቅሁህ ግድግዳ ዳር ያለችውን ብቻ ነው። እዚያ የሚቆም መኪና የለም፤ ድመት ነው የሚቆመው።»

ሚስቱ ከጓዳ ስትስቅ ሰማሁ። እሱ አልሳቀም፤ ግን ስብሰባ ጠራ። በስብሰባው ሰዉ እንደ ልማዱ ጫማ ጫማውን ያያል። አስተማሪዋ ተነስታ «እኛ ፎቅ ላይ ስለሆንን ነው ዝም ያልነው። ውሃው ደረጃ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ ሁላችንም እንናገር ነበር» አለች። ጋሽ ሜትር ከኋላ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። መጨረሻ ላይ ሊቀመንበሩ ቁልፉን ኪሱ ከተተና «እሺ፣ ይሞከር። ውሃ ከገባ ግን ራሳችሁ መልሳችሁ ትለብጡታላችሁ!» ብሎ ዘጋው።

እሑድ ወጥተን ቆፈርን። መዶሻና ዲጅኖ ከዚህም ከዚያም ተዋስን። ጋሽ ሜትር መርፌ እንጂ መዶሻ ለምደው የማያውቁ ሰው፣ በመጀመሪያው ምት አውራ ጣታቸውን አገኙት። ሥሩ ጠጠር ሞልተን ከላይ አፈር አለበስነው፤ መንገድ ዳር በራሱ የሚበቅለውን ሣር ነቅለን አምጥተን ተከልን። ማታ ወገባችንን ይዘን ስናየው ያን ሁሉ ድካም አይመስልም። አንዲት ጠባብ የአፈር መስመር ናት።

በሳምንቱ ዘነበ። ልጄ፣ ሣሩን ጠርጎ ወሰደው። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ግቢው ላይ ፈሰሰ፣ ውሃውም እንደ አመሉ ሱቁ ገባ። አፈርኩ። ጋሽ ሜትር መጥረጊያ ይዘው ያወጣሉ፣ ቀና ብለውም አላዩኝ። ሊቀመንበሩ ጃንጥላውን ይዞ ብቅ አለና «አላልኩም?» አለ። ጭቃውን በንዴት እያየ «ደግሞስ አሸንዳው በሙሉ እዚህ ላይ እየተፋ ምን ሣር ይበቅላል?» ብሎ ሊሄድ ሲል እኔና አስተማሪዋ ተያየን። ለካ የጣሪያው ውሃ ሁሉ በአንድ ቧንቧ ወርዶ እዚያችው መስመር ላይ ነበር የሚወድቀው! ማናችንም ቀና ብለን አላየንም።

«ወንድሜ፣ ተባረክ» አልኩት።

«ምን አደረግሁ?» አለ፤ ግራ ገብቶት።

በርሜል አምጥተን አሸንዳው ሥር ገተርን። ሲሞላ የሚተርፈው በቱቦ ወደ ዛፉ እንዲሄድ አደረግን። አዲስ ሣር ተከልን። ከዚያ በኋላ ሥራው ሰማይን ማየት ሆነ። ጋሽ ሜትር የቀሩትን ዩኒፎርሞች ሰፍተው አስረከቡ፣ ዕቃቸውንም በካርቶን ማሰር ጀመሩ። እኔ ሰላም ብዬ አልፋለሁ፣ ካርቶኖቹን እንዳላየሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ከሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሳልጠራ ወረድኩ። ሱቁ በር ላይ ከጋሽ ሜትር ጋር ጎን ለጎን ቆመን አየን። በርሜሉ ሞልቶ በቱቦው መሄድ ጀመረ። ግቢው ላይ ውሃ ተጠራቀመ፣ ወደ እኛ መጣ፣ መጣ፣ ደፉ ሥር ደረሰ። እኔ መጥረጊያውን አነሳሁ።

«ተይው፣ ትንሽ እንየው» አለኝ። እጄን ይዞ ነው።

ውሃው ደፉ ሥር ቆመ። ሣሩ መሀል አረፋ እየሠራ ይገባል። ዝናቡ ሳያባራ ሊጎድል ጀመረ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሊቀመንበሩም ከመኪናው ውስጥ አይቶ የመስታወት መጥረጊያውን አጠፋና ወደ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ግን የሎሚ ችግኝ ይዞ መጣ። «ቦታ ከተረፈ ብዬ ነው» አለ።

ካርቶኖቹ ተፈቱ። እኔ ነኝ ያገዝኩት፤ ክሩን በየቀለሙ ለየሁለት።

አሁን በየበረንዳው የተቆረጠ ጀሪካን ታያለሽ። አስተማሪዋ ሰላጣ፣ ሊቀመንበሩ ቲማቲም ተክለዋል፤ የሊቀመንበሩ ቲማቲም አንድ ብቻ አፍርቶ ለሰው ሁሉ አሳይቷል። ልጣጩን ለማዳበሪያ በተበሳ ባልዲ እያጠራቀምን ነው። መጀመሪያ ዝንብ አመጣብን፤ በየጊዜው ደረቅ ቅጠል ስንነሰንስበት ተወ። በርሜሉን ደግሞ ትንኝ እንዳይራባበት በወንፊት ጨርቅ ሸፍነነዋል፤ እሱ ነው በስፌት መኪናው ልክክ አድርጎ የሰፋው። ከዚህ የበለጠ ብልሃት የለንም። ቪዲዮሽ ልክ ነበር፣ ቀላል ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ያዘጋጀሽልኝን ክፍል ፎቶ አይቻለሁ። መጋረጃውን የመረጥሽው እኔ የምወደውን ቀለም አስበሽ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አልቅሻለሁም። እዚህ ብቻዬን ወድቄ ማን ያነሳኛል ብለሽ እንደምትሰጊም አውቃለሁ። በበጋ መጥቼ አይሻለሁ፣ አቅፌሽ እሰነብታለሁ፤ ግን ለመቅረት አልመጣም። ሣሩ ገና ሥር አልያዘም፣ ችግኙ ውሃ ይፈልጋል፣ በርሜሉም የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። «እማዬ ለበርሜል ብላ ቀረች» ትዪ ይሆናል። ለበርሜሉ ብቻ አይደለም። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ለሁለት ሰው ሻይ ጥጄ አላውቅም ነበር። የቀረውን ስትመጪ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። አንቺ ልጅ ሆነሽም ነገር ቶሎ ይገባሽ ነበር።

አንቺን ብቻ ነው የምፈራው፤ ሰው ያለውን ይበል።

በያለሽበት ጥላ ይሁንልሽ። ሥራሽ ይቃናልሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ፣ የወጣሽበት በር በሰላም ይመልስሽ። ብርድ ሲሆን ካፖርትሽን ቆልፊ።

የምትወድሽ እናትሽ

እንዳልረሳው፦ ከሰዓት በኋላ ስትደውዪ ስልኬን ሌላ ሰው ካነሳው፣ ቁጥር የተሳሳትሽ መስሎሽ እንዳትዘጊው።