የመርከቡ ሰዓት

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ያ የምትቀቢው ቅባት ረዳሽ ወይስ አሁንም ከመቀመጫሽ ስትነሺ ያስቃስትሻል? ባልሽ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ቃል ለወጉ ያህል ስጽፍልሽ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ግን እውነቴን ነው።

ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ከወዲሁ ልንገርሽ፣ ይህ የአስታርቂን ደብዳቤ አይደለም። ስንቴ እጄን ይዘሽ ወደ ባለቤቴ ቤት መልሰሽኛል? “ቻይው፣ ሲያረጅ ይበርዳል” ስትዪኝ እኔ አረጀሁ፤ እሱ አልበረደም። አሁን በመካከላችን ባሕር አለ፤ እጄን ልትይዢ አትችዪም።

የመርከቡን ጉዞ የሸለመን የጎማ ነጋዴዎች ማኅበር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ባለቤቴ ከሁሉም አስበልጦ ሸጠና “ከነባለቤትህ ተዝናና” ተባለ። “ከነ” ነው የተባለው፤ ከነሻንጣህ እንደሚባለው።

መርከብ ስልሽ ደግሞ ጀልባ እንዳታስቢ። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ጠቅልሎ ውሃ ላይ የተኛ ፎቅ ነው። በሮቹ ሁሉ መንትያ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን የሰው በር ለመክፈት ስታገል አንድ አዛውንት በፎጣ ተጠቅልለው ወጡና “ልጄ፣ ቤት ተሳስተሻል” አሉኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነገረኝን!

ስንሳፈር ለየራሳችን ካርድ ሰጡን። በር የሚከፈተውም፣ ወጥቶ የሚገባውም በእሷ ነው። ባለቤቴ እንደ ልማዱ የእኔንም ወስዶ ኪሱ ሊከት ሲል በር ላይ የቆመው ጠባቂ “ይቅርታ ጌታዬ፣ የእሳቸው ካርድ ከእሳቸው እጅ አይለይም፤ ደንብ ነው” አለው። እትዬ ሙች፣ እሱን “አይሆንም” ያለው ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደንብ የሚባል ነገር የወደድኩት እዚያው በር ላይ ነው። ፓስፖርቶቻችንን ግን ባለቤቴ ክፍላችን ውስጥ ባለች ትንሽ ካዝና ቆለፈባቸው። መክፈቻ ቁጥሩን አልነገረኝም።

መርከቡ ሳይነሳ ሁላችንንም ለአደጋ ጊዜ ልምምድ ሰበሰቡን። የምታስተምረው የደህንነት ኃላፊዋ ነበረች፤ ፊሽካ ከአንገቷ ስለማይወርድ እኔ ፊሽካ ብያታለሁ። የብረት አጥሩ ላይ አትቀመጡ አለች። ደረጃ ስትወርዱ አንድ እጃችሁ መያዣውን አይልቀቅ፤ ማን እንደሆነ ሳታውቁ የክፍላችሁን በር አትክፈቱ፤ ወደብ ላይ ስትወርዱ የመርከቡን ሰዓት ተከተሉ እንጂ ስልካችሁን አትመኑ፣ መርከብ ማንንም አይጠብቅም። ባለቤቴ “ይሄ ለፈሪ ነው” እያለ ስልኩን ይነካካል። እኔ እንደ ፈተና ተማሪ ሸመደድኩት።

የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ስታለብሰኝ ማሰሪያውን ጎኔ ላይ ሳብ አደረገችው፤ ሳላስበው ጮህኩ። “ምን ሆነው ነው?” አለችኝ። “ከደረጃ ወድቄ” አልኳት። የእኛ ቤት ደረጃ እንደሌለው አንቺ ታውቂያለሽ። እሷም የገባት መሰለኝ። ማሰሪያውን አላልታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ክፍልዎ ያለው ስልክ ላይ ቀዩን ቁልፍ ከተጫኑ እንመጣለን። ያስቸገረዎት ማንም ይሁን ማን” አለችኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ከዚያ አንድ ወደብ ላይ ወረድን። መሬት ስንረግጥ የባለቤቴ ስልክ የአገሩን ሰዓት ያዘና አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። ዕቃ ገዛዝተን ሲያበቃ እሱ አንድ መጠጥ ቤት በረንዳ ላይ ተደላደለ፤ ከጎኑ ካለ ሰው ጋር ጨዋታ ያዘ። እኔን “አንቺ ዕቃውን ይዘሽ ግቢ” አለኝ። “የሚቆጠረው የመርከቡ ሰዓት ነው፤ በአሥር ሰዓት መግባት አለብን” አልኩት። “ደሞ ሰዓት ልታስተምሪኝ ነው? ሰው ፊት አትዘባርቂ!” አለኝ።

አልዘባረቅኩም። ዕቃዬን ይዤ ገባሁ።

ለምን ደግመሽ አልነገርሽውም ትዪኛለሽ፤ አውቅሻለሁ። ሰዓቱ መውጫው ላይ የበር ስፋት ባለው ሰሌዳ ተጽፏል፤ ማንበብ ደግሞ ይችላል። ለሁለተኛ ጊዜ ስናገር ምን እንደሚከተል የሚያውቀው የእኔ ጉንጭ እንጂ የአንቺ አይደለም።

አሥር ሰዓት አለፈ። ስሙን በድምፅ ማጉያ ጠሩት፤ ደግመው ጠሩት። ቆይቶ ፊሽካ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ክፍላችን መጣች። “መርከቡ ሊነሳ ነው። የቀረ ሰው ፓስፖርት ወደብ ላይ ላለው ወኪላችን ይሰጣል” ብላ ካዝናውን በራሳቸው መክፈቻ ከፈተችው። ሁለቱን ፓስፖርቶች አወጣች። የእሱን ለባልደረባዋ ሰጠችና የእኔን ወደ እኔ ዘረጋችው። “ይሄ የእርስዎ ነው” አለችኝ።

የእኔ!

“አብረዋቸው መውረድም፣ መቆየትም ይችላሉ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው” አለች። እትዬ፣ “ምርጫው የአንቺ ነው” ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አባባም አላለኝ፣ አንቺም አላልሽኝም። አፌን ስከፍት ቃሉ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር፦ “እቆያለሁ። ሻንጣውን ግን ውሰዱለት።” ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አጣጥፌ ከተትኩ። ምላጩን እንኳን አልረሳሁበትም፤ በኋላ ጎደለብኝ እንዳይል።

ከዚያ ከላይኛው ፎቅ ሆኜ አየሁት። የመርከቡን ጡሩምባ ሲሰማ ነው መሰል ከመጠጥ ቤቱ በኩል እየሮጠ መጣ። ገመዱ ተፈትቷል፤ መርከቡ ከዳር እየራቀ ነው። አስተናጋጅ ሲጠራ እንደሚያደርገው ጣቱን ወደ ላይ አንስቶ እያጮኸ ተጣራ። አጠገቤ የነበሩት መንገደኞች “ምስኪን፣ ትንሽ ቢጠብቁት ምን ነበር” አሉ። አየኝ። እንዳየኝም አወቅሁ። አንድ እጄን ከብረቱ ሳልለቅ ዓይኔን ሳልሰብር አየሁት፣ እያነሰ፣ እያነሰ፣ ከሰው መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ።

በወኪሉ ስልክ ደወለ፤ አንዲት የመርከቡ ሠራተኛ ስልኩን አመጣችልኝ። “መርከቡን አስቁሚ!” ይለኛል። “መርከቡ አይቆምም፤ እኔም አልቆምም” አልኩትና ስልኩን ለሠራተኛዋ መለስኩላት። እራት ላይ አስተናጋጁ “ባለቤትዎን እንጠብቅ?” ሲለኝ፣ “አንጠብቅም፤ አቅርብልኝ” አልኩት። ሁለት ሳህን በላሁ።

ለልጄ ደወልኩላት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና “እማ፣ ምነው እንዲህ ቆየሽ?” አለችኝ። ለካስ ልጅቷ ትዳር ይዛ ከቤት ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ስትጠብቀኝ ኖራለች።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ከመርከቡ ወርጃለሁ። የወረድኩበትን ከተማ ያልጻፍኩልሽ ስለማላምንሽ አይደለም። እሱ አንቺ ዘንድ መጥቶ በር ሲደበድብ “አላውቅም” ስትዪ እውነትሽን እንዲሆን ብዬ ነው። ስለ ሥራ አትስጊ፤ መስፋት አልረሳሁም። ይኸው አንዲት መንገደኛ እዚሁ መርከብ ላይ ቀሚሷን አጥብቤላት በደስታ ልትበር ነው።

ልጄ በስልክ አፈላልጋ ያገኘችልኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ በሩ ግን ከውስጥ በደንብ ይቆለፋል። ባለ ሁለት አልጋውን ስጡኝ ብያለሁ። ልጄ የራሷ ቤት አላት፤ እኔ ደግሞ እንግዳ አላበዛም። አድራሻውን ከእሷ ታገኚዋለሽ፤ ባልሽ ሥራ ሲሄዱ ደውይላት። ስትመጪ ምን ሆነሽ እንደመጣሽ አልጠይቅሽም።

ጤና ከአንቺ አይራቅ፤ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን፤ የሚያስደነግጥሽን ሁሉ ፈጣሪ ያርቅልሽ።

የምትወድሽ ታናሽሽ