ዓሣና አሳ

ውድ እትዬ ወለተጻድቅ፣

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ስምዎን በጸሎቱ ጸ መጻፌን እንደሚያዩልኝ ተስፋ አለኝ። «በፀሐዩ ፀ የጻፈኝ ሰው ሌላ ሴትዮ ነው የሚጠራው» እያሉ ስንቱን ደብዳቤ እንደመለሱ አልረሳም። እኔንም ሥራ በገባሁ ሰሞን «ሐና በሐመሩ ሐ ነው፤ መታወቂያሽ ቢሳሳት አንቺ አትሳሳቺ» ብለውኛል። ዛሬም ከዓለም ባንክ በምሳፈርበት ታክሲ ላይ «ጦር ሀይሎች» የሚል ታፔላ ሳይ፣ እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። ናፍቀውኛል።

ጡረታ በወጡበት ዓመት የቤተ መጻሕፍታችን መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ፣ መምህራኑ «ክላውድ» የሚሉትን ተርጉመው «ከእንግዲህ ደመና ላይ ነን» ሲሉ፣ እርስዎ «ታዲያ መጽሐፍ ስፈልግ ዝናብ ልጠብቅ?» አሉ። ሁላችንም ሣቅን፤ እርስዎ ግን አልሣቁም። እንደዚያም ሆኖ ክረምቱን ሙሉ የአማርኛውን መጽሐፍ ርእስ ሁሉ በሁለት ጣት እየለቀሙ አስገብተው፣ «ከዚህ በኋላ ደመናችሁ አያገባኝም» ብለው ሄዱ።

አሁን የምጽፍልዎ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው። በጥር ወር አዲሱ ርእሰ መምህራችን አቶ መገርሳ ጠርተውኝ ስንት መጽሐፍ እንደተፈለገና ስንቱ እንደተዋሰ የሚያሳየውን የኮምፒውተር ስክሪን ወደ እኔ አዞሩት።

«ልጆቹ መጽሐፍ ይፈልጋሉ፣ አይዋሱም። ይኸው፣ ራሱ ይናገራል።»

«መደርደሪያው ሙሉ ነው እኮ።»

«ሙሉ ቢሆንስ ማን ነካው? ከፋሲካ በኋላ ክፍሉን መማሪያ ላደርገው ነው። መጽሐፎቹ ታሽገው መጋዘን ይግቡ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። አጠገባችን ያለው ኮንዶሚኒየም ሰው በገባ ቁጥር አዲስ ተማሪ ይመጣል፣ መቀመጫ የለም። እኔ ግን የእርስዎ ዕድሜ ያለቀበት ክፍል ሲዘጋ ቆሜ አላይም።

በማግስቱ ቤተልሔም የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከኮምፒውተሩ ፊት ተነሥታ ልትወጣ ስትል ያዝኳት።

«ምነው፣ ምን አጣሽ?»

«‹የዓሣው ሕልም› የሚባል መጽሐፍ ነበር ቲቸር። ጓደኛዬ አሪፍ ነው ብላኝ። የለም ይላል።»

መጽሐፉ ከጀርባዋ መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ስክሪኑን አየሁት፤ «የአሳው ህልም» ብላ ጽፋለች። እርስዎ ያስገቡት በዐይኑ ዓ፣ በንጉሡ ሣ፣ በሐመሩ ሕ ነው። ለእኛ ንባቡ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ መጽሐፍ ነው።

«ሁሌ እንዲህ ይልሻል?»

«የአማርኛ ሲሆን ብዙውን የለም ነው የሚለው። እኛም ተውነው።»

መጽሐፉን አውርጄ ሰጠኋት። ልጆቹ ለካ ሲፈልጉን ከርመዋል።

ለአቶ መገርሳ ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። «ታዲያ ሁሉንም ልጆቹ በሚጽፉት ፊደል ቀይሪውና እንገላገል» አሉኝ።

«አልቀይረውም።»

«ለምን?»

«ዓሣ ፈልጎ የመጣ ልጅ፣ ዓሣ እንዴት እንደሚጻፍም አይቶ ይሂድ።»

«እንግዲህ ፋሲካ አይራዘምም» አሉ።

ከየርእሱ ጎን አዲስ ዐምድ ከፈትኩ። የእርስዎ ፊደል በቦታው አለ፤ አጠገቡ ልጆቹ ሊጽፉት የሚችሉት ሁሉ ይገባል። እዚህ ላይ ደመናውን አይቀየሙት፤ የሚረዱኝ ተማሪዎች አንዷ እኔ ጋ፣ ሌላው ኮምፒውተር ክፍል ቁጭ ብለው በአንድ ጊዜ አንድ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣም የጻፉት እንዳለ ይቆያቸዋል። ቤተልሔም አለቃ ሆናለች። አንዱን ቃል በስንት ዓይነት መሳሳት እንደሚቻል ሲፎካከሩ ቢሰሙ፣ መጀመሪያ ይቆጡ፣ ቀጥለው ይሥቁ ነበር። አሁን «የአሳው ህልም» ብሎ የጻፈ ልጅ መጽሐፉን ያገኘዋል፤ እንዲያውም መጽሐፉን ለመዋስ ተራ ይጠበቃል።

አቶ መገርሳ ገና ሐሳባቸውን አልለወጡም። እኔም አልለወጥኩም። ፋሲካ ሳይደርስ አንድ መደርደሪያ ሳይቀር እንጨርሳለን፤ ክፍሉን አላስረክብም።

አንድ ነገር ግን ብቻዬን አልችልም። ስሕተቱን ልጆቹ ያውቁበታል፤ ትክክሉን የሚነግረን ሰው ነው ያጣነው። በቅርቡ የገቡት መጻሕፍት ሽፋናቸው ላይ ሳይቀር እንደ አሳታሚው ፈቃድ ነው የተጻፉት፤ እኔም እየተጠራጠርኩ አልፋቸዋለሁ። ለልጅ ልጅዎ ለማቲ የመዝገቡን መግቢያ በስልኩ ልኬለታለሁ። እዚያው ቤትዎ ሆነው ሊያርሙልን ይችላሉ። ሲገቡ ስምዎ ከስክሪኑ ጥግ ላይ ይታያል፤ ልጆቹም እንዲጠብቁት ነግሬያቸዋለሁ።

ለእርስዎ የመግቢያ ፈቃድ ስከፍት ኮምፒውተሩ ስምዎን ጠየቀኝ። ቤተልሔም ቀድማኝ ጻፈችው፣ በፀሐዩ ፀ። «ሌላ ሴትዮ ነው የጠራሽው» ብያት አጠፋሁትና እንደገና ጻፍኩት።

እርስዎን ነው የጠራነው፤ ይግቡልን።

መታወቂያዋ ላይ ሃና፣
ለእርስዎ ሐና