የአኬዮ ስልክ ሲጮህ

የኔ ልጅ አፖንዲ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ የአሠሪሽን ልብ እግዚአብሔር ያራራልሽ። እኛ ደህና ነን። በቆሎው አሽቷል። ጣሪያዬ ግን አሁንም ያፈሳል፤ አባትሽ ከኪሱሙ ከተማ ያመጣውን ቆርቆሮ ለጣውንቴ ለአኬዮ ቤት አለበሰው።

እሱስ ይሁን። የአኬዮ የልጅ ልጅ የክትባት ቀን ሲደርስ ከጤና ጣቢያው በስልኳ መልእክት ይገባላታል። ማንጎው ሥር ትቀመጥና ጮክ ብላ ታነበዋለች። «ያንቺን ስልክ ምን ነካው፣ እህቴ? ረሱሽ እንዴ?» ትለኛለች። እኔም እንደ እሷ በስልክ ካልተጠራሁ ልጅሽን ኦዱንዶን አልወስደውም ብዬ ስጠብቅ፣ የኩፍኝ ክትባቱ ቀን አለፈ።

በመጨረሻ ነርሷን ልወቅሳት ሄድኩ። ለካስ ስትሄጂ ያስመዘገብሽው የራስሽን ቁጥር ኖሯል፤ መልእክቱ ሁሉ ዶሃ ድረስ ሲደርስሽ ከርሟል። አንቺም ለእኔም የደረሰኝ መስሎሽ ዝም ብለሻል። አትስጊ፣ ኦዱንዶ ተከትቧል። ነርሷ «ወደ እርስዎ ስልክ ላዙረው፣ እማማ?» ብትለኝ እምቢ አልኩ።

እግዚአብሔር በጤና ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ መልእክቱ ሲደርስሽ ደውዪልኝ። ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ አኬዮ ማንጎው ሥር አጠገቤ ስትቀመጥ። እሷን ጤና ጣቢያው ይጥራት፤ እኔን ልጄ ትጥራኝ።