ውሃ የጠጣው ታንኳ

ለእህቴ ለአሲያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ ያ የወገብሽ ሕመምስ? ካንቺ ዘንድ ለዕረፍት የመጣችው ሀውራ «ከስታለች» ብላ ነገረችን፤ እውነት ከሆነ ምግብ አትዝለዪ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማም፣ ትንሿ እህታችን ሲቲም፣ ላሟም ደኅና ናቸው።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ስናወራ እማ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። ሀውራ ወደ ጅዳ ስትመለስ ታደርስልሻለች። ወንድማችን ማህዲ መስከረም ላይ ከሞተ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር «እማ ትስቃለች ወይ?» ትዪኛለሽ፤ እኔም «አዎ» እልሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ሲላት «አሚን» ከማለት በቀር ስቃ አታውቅም ነበር።

የማህዲን ታንኳ ነገር ልንገርሽ። ታሞ ደሴ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ከዓሣ ሲመለስ ደክሞት ስለነበር ውሃው ላይ እንዳለ አስሮት መጣ። ከቀብሩ በኋላ እማ «እሱ ያሰረውን ማንም እንዳይፈታ» አለች። እኔም ማክበር መስሎኝ አልነካሁትም። የደንገል ታንኳ መሆኑን፣ ማህዲም ማታ ማታ አውጥቶ እያቆመ ያደርቀው እንደነበር ረሳሁት።

የፊዚክስ መምህራችን መምህር ወልዴ ስለ መንሳፈፍ ሲያስተምሩን፣ ደንገል የሚንሳፈፈው በውስጡ ባለው አየር እንደሆነ፣ ውሃ አየሩን ሲያስለቅቀው ግን እንደሚሰምጥ ነገሩን። ታንኳው ትዝ አለኝ። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። የታንኳው ጫፍ ብቻ ይታያል።

ጎረቤታችንን ጋሽ ሀሚዱን ጠርቼ እንደምንም ጎትተን አወጣነው። ብዙው በስብሷል። «አንተ፣ የሞተው ማህዲ ነው፤ ታንኳው ምን በደለህ?» አሉኝ። ለእማ መንገር ፈርቼ ሁለት ቀን ቆየሁ። ስነግራት ግን አልተቆጣችም። ወርዳ አየችው፣ ገመዱን በእጇ ይዛ ቆየችና «በሉ ፍቱት» አለች።

አዲስ ደንገል አጭደን፣ አድርቀን፣ በማህዲ ገመድ አሰርነው። ባለፈው ቅዳሜ ውሃ ላይ ስናወርደው እማም መጣች። ጋሽ ሀሚዱ «አቀማመጥ እንዲህ ነው፣ ተመልከት» ብለው ሳይጨርሱ ተገልብጠው ውሃው ውስጥ ዘፍ አሉ። ጥልቀቱ ከጉልበት አይበልጥም። ጥምጣማቸው ብቻውን ተንሳፍፎ ሄደ። እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ «አሪፋ፣ እኔም ውሃ ጠጥቻለሁ፤ አውጡኝና አቁሙኝ» አሏት እማን። እማ ሳቀች። በሻሿ አፏን ብትሸፍንም አልቆም አላት። ከዚያ አለቀሰች፤ «ማህዲ ይኼን ቢያይ ሳምንት ያወራው ነበር» አለች።

እኔም ስቄ ነበር። ኋላ ግን ማህዲን የረሳሁት መሰለኝና አፈርኩ። ለእማ ብነግራት «እሱ መች ሳይስቅ ውሎ ያውቃል? ይልቅ ታንኳውን ማውጣት እንዳትረሳ» አለችኝ። አሁን ከትምህርት ስመለስ አውጥቼ አቆመዋለሁ። እስኪንጠፈጠፍ ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

ስለዋሸሁሽ አፉ በይኝ። ከእንግዲህ እማ ሳቀች ወይ ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ። ስልኩን ለራሷ እሰጣታለሁ፤ የጋሽ ሀሚዱን ጥምጣም ወሬ አንሺላት።

እማ ዱዓዋን ልካልሻለች። ሲቲ ከታች ዓሣ ሥላልሻለች፤ ዶሮ ቢመስልሽም ዓሣ ነው። ጋሽ ሀሚዱ ሰላም ብለውሻል፤ መውደቃቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኝ ነበር። አብራሽ ለምትኖረው ለሕይወት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አንቺም አብሽሪ።

ወንድምሽ ሰዓድ
ሐይቅ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.